መንገድ የሚለቅ ፋይል

ከዚህ ታሪክ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ጉደር ውስጥ፣ ለአሥራ አንድ ሰዓት ስምንት ደቂቃ ሲቀረው፣ የተመራቂው ተማሪ የዋቅቶላ ጣት ከአንዲት የኮምፒዩተር ቁልፍ በላይ ተንጠልጥላ ቀረች። የመመረቂያ ጽሑፉ ዘጠና ስድስት በመቶ ከተላከ በኋላ ቀጥ ብሏል። መቀበያው አሥራ አንድ ሲሞላ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ ለከርሞ ነው። ያቆመውም የገዛ ፈጠራው ነበር፤ ሌላ ሰው የኢንተርኔት መስመሩን ሲፈልግ፣ በር ላይ «እርስዎ ይቅደሙ» እንደሚል ጨዋ ሽማግሌ ዳር የሚይዝ የመላኪያ ፕሮግራም። ጽሑፉ ስለዚሁ ስለሆነ በሌላ መላክ አሳፍሮታል። ቁልፏን ቢጫናት ግን ፕሮግራሙ ጨዋነቱን ትቶ ይጋፋል።

መስመሩን የያዙት አጠገቡ የተቀመጡት የግቢው ዘበኛ ኦቦ ሚልኬሳ ነበሩ። ጅማ ያለችው ልጃቸው የወለደቻትን ሕፃን በስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ እያዩ ነው።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ና እስቲ! ምስሉ አሁን ገና ጠራ። አፍንጫዋን እየው፣ የኔው ነው!»

«ምን በወጣት፣ ኦቦ?»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ፤ ሕፃኗ አዛጋች። ዋቅቶላ ቁልፏን ቢነካ ያቺ ማዛጋት መሀል ላይ ትቆራረጣለች። «ሌላው ሰው መኖራችንን እንኳ አያውቅም» ብሎ ስለ ፕሮግራሙ በጽሑፉ የጻፈው ራሱ ነው። ጣቱን ሰበሰበ።

አሥራ አንድ ሞላ፤ መቀበያው ተዘጋ።

«ዛሬ ይሄ ኔትወርክ ምን ነክቶት ነው እንዲህ ያማረበት?» አሉ ኦቦ ሚልኬሳ።

«እንጃ፣ ኦቦ» አለና ሳቀ።

እሺ፣ አንዷን ቃል ከራሴ ጨምሬአለሁ። አልሳቀም።