የቤት ሥራ ነው፣ አባዬ

የብስኩት ፋብሪካው መካኒክ ሁለቱን ሴት ልጆቹን ሁለተኛ ቋንቋ እንዲማሩ ያስመዘገባቸው ራሱ ነው። «እኔ ያልደረስኩበት ይድረሱ» እያለ ለጎረቤት ሁሉ አውርቶ ነበር። አሁን ያንን ቀን ይረግመዋል።

ልጆቹ ሰሞኑን እራት ላይ በዚያው ቋንቋ ይንሾካሾካሉ። እሱ ቀና ሲል ጸጥ ይላሉ። አንድ ምሽት ታናሿ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ከገበታው ተነሳች።

«ምንድን ነው የምታወሩት?» አለ።

«የቤት ሥራ ነው፣ አባዬ» አለች ትልቋ።

እናታቸው ግን ደስ ብሏታል። ደም ግፊት ከያዛት ወዲህ ሐኪሙ ድንጋጤ ከልክሏታል፤ ቤቱ ጸጥ ሲል ይሻላታል።

«ተዋቸው፣ ይለማመዱበት። ይልቅ አንተ ጥንቁቅ ሆነሃል፤ ቱታህ እንደ ድሮው ሳሙና አይጨርስም» አለችው።

አልሳቀም። ባለፈው ዓመት የጎረቤታቸው ልጅ ከአንድ ጎረምሳ ጋር ጠፍታለች። ትልቋ ልጁ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ሊያጣት ነው ብሎ ፈራ፤ በጣም ፈራ።

እንደ ወትሮው ማልዶ ወጣና ቤተ መጻሕፍት ገባ። ምሳ ዕቃውን እግሩ ሥር አስቀምጦ የጀማሪዎችን መጽሐፍ ገለጠ። ብሎን በእጁ ዳብሶ ቁጥሩን የሚናገር ሰው፣ በሃምሳ ዓመቱ ፊደል መቁጠር ጀመረ። ምላሱ አልታዘዝ አለው፤ እሱም አልተወም። በሦስተኛው ሳምንት ልጆቹ የሚደጋግሙትን አንድ ቃል አገኘው። ደብዳቤ ማለት ነው።

የጎረምሳ ደብዳቤ መሰለው። የትልቋን ቦርሳ በረበረ፤ ምንም የለም።

«የማን ደብዳቤ ነው?» አላት በማግስቱ።

ፊቷ አመድ መሰለ። «የምን ደብዳቤ?»

«እውነቱን ካልነገርሽኝ ከቋንቋ ክፍሉ አስወጣሻለሁ።»

አስተርጓሚ መሆን ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኘው ነገር ነው። ቢሆንም «እንደፈለግክ፣ አባዬ» አለች። እሺታዋ ይበልጥ አስጨነቀው። እስከ ሰኞ ታግሦ ሊያሰርዛት ወሰነ።

እሑድ ምሽት አራቱም ገበታ ቀረቡ። እሱ አቀርቅሮ እያኘከ ጆሮውን ሰጠ። ታናሿ እናቷን ሰረቅ አድርጋ አየችና በዚያ ቋንቋ ጠየቀች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እያንዳንዱ ቃል ገባው።

«እስከ መቼ ነው ከእማዬ የምንደብቀው?»

«አባዬ የደበቀውን የስንብት ደብዳቤ አውጥቶ ከሥራ መባረሩን ራሱ እስኪነግራት ድረስ» አለች ትልቋ።