የደመላሽ ሚኒባስ ልግመት

ታረቀኝ የአማኑኤል ገበሬ ነው። ባሕር ዛፉን አስቆርጦ፣ ሁለት በሬ ጨምሮ ለልጁ ለደመላሽ አሮጌ ሚኒባስ ገዛለት። ሚኒባሷ ከአማኑኤል ደብረ ማርቆስ ሰው ታመላልሳለች።

ታረቀኝ ልጁን ይወደዋል፤ አያምነውም። ስለዚህ የነዳጅ ታንኩን ቁልፍ ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረው። ደመላሽ አመሻሽ ላይ ሲመለስ አባቱ ይመጣና ክዳኑን ይከፍታል። ከመንገዱ ማዶ ቤንዚን የሚሸጠው አብዱረዛቅ ከጀሪካን ይቀዳል። ታረቀኝ መልሶ ይቆልፋል።

መንገደኛ ቆሞ መኪናዋን ሲያደንቅ ታረቀኝ ፊቱን ያጠቁር ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት መኪናዋ ታመመች። ሜዳ ላይ ደህና ናት። ዳገት ላይ ደመላሽ ነዳጅ ሲሰጣት ግን ትንገጫገጭና ቆም ብላ እንደማሰብ ትላለች። ጠዋት ጠዋት ይብስባታል። ተሳፋሪው ወርዶ መግፋት ለመደ።

«አንተ ደመላሽ፣ የምንከፍልህ ለመሳፈር ነው ለመግፋት?» አለችው አይናዲስ የምትባል ሽንኩርት ነጋዴ።

«ለሁለቱም» አላት።

መካኒኩ አወቀ ካንዴላ ቀየረ። ፊልትሮ ቀየረ። ካርቡራተሩን ፈታ፣ አጠበ፣ ገጠመ። አንድ ቀን ተሻላት፤ ከዚያ መልሶ ያዛት።

ታረቀኝ መኪናዋን ዞራት። ጎማዋን በእግሩ ነካ።

«ልግመት ነው» አለ።

«አባባ፣ መኪና እኮ አይለግምም» አለ ደመላሽ።

«በሬ የሚለግመው መኖው ሲከፋ ነው።»

አወቀ ይህን ሲሰማ ከታንኩ ሥር ጥቂት ቤንዚን በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቶ ፀሐይ ላይ አቆመው። ከታች ሁለት ጣት ውሃ ተኛ።

ታረቀኝ ጠርሙሱን አየ። ቀና ብሎ የአብዱረዛቅን ሱቅ አየ።

እሁድ ሽማግሌ ተቀመጠ። የሰፈሩ ዋና ሽማግሌ ታረቀኝ ስለሆነ ሰብሳቢው እሱ ነው። ከሳሹም እሱ ነው። ይህ ልክ አይደለም ያለው አብዱረዛቅ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ተከሳሽ ስለሆነ አልተሰማም።

አብዱረዛቅ አማኑኤል ላይ ሃያ ዓመት ነግዷል። ከተፈረደበት ቤንዚን ቀርቶ ክብሪት የሚገዛው አይኖርም፤ ሱቁን ዘግቶ፣ ልጆቹን ሰብስቦ አገር መልቀቅ ነው።

«በቁርኣን እምላለሁ፣ ጠብታ ውሃ አልጨመርኩም» አለ።

«ቁልፉ እዚህ ነው» አለ ታረቀኝ አንገቱን እየነካ። «እኔ ካልከፈትኩት ማንም አይከፍተውም። በፊቴ የሚቀዳው ደግሞ ያንተ ጀሪካን ነው።»

«መኪናዋ ደጀን ለሰርግ የሄደች ጊዜስ? ከእኔ ሞልታ አይደል የሄደች? ሁለት ሌሊት አድራ እንደ ፈረስ እየጋለበች መጣች። ደመላሽ፣ በአላህ፣ ተናገር እንጂ!»

«እሱስ እውነት ነው» አለ ደመላሽ አባቱን እያየ።

«ያን ቀን ደህናውን ሰጥተሃት ይሆናል» አለ ታረቀኝ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው። ነገሩ በፈተና ይታይ አሉ። አወቀ ታንኩን አንጠፈጠፈ፣ አጠበ፣ አደረቀ። አብዱረዛቅ ሁሉም እያየ ከበርሜሉ ቀድቶ ሞላው። ሽማግሌዎቹ ተሳፈሩ። ሚኒባሷ ከከተማው ወጣ እንዳሉ ያለውን ዳገት አንዴም ሳታመነታ ወጣችው። መሪጌታ ከፍጥነቷ የተነሣ ጥምጥማቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

አብዱረዛቅ ፊቱ በራ። «አያችሁ አይደል? ቤንዚኔ ንጹሕ ነው!»

«አየን» አለ ታረቀኝ። «ሲፈልግ ንጹሕ መሸጥ ይችላል ማለት ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩና ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«ዳገቱ ላይ ብታነክስ ኖሮስ?» አለ አብዱረዛቅ።

«ውሃ ሸጥክ እንል ነበር።»

«ታዲያ ጋሽ ታረቀኝ፣ ብታነክስም ባታነክስም ጥፋተኛው እኔ ነኝ?»

«አሁን ገባህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአብዱረዛቅ ሱቅ ማንም እንዳይገዛ ተወሰነ። መሪጌታ ውሳኔውን በጸሎት ዘጉት። አብዱረዛቅ መንገዱን ተሻግሮ ሱቁ ገባ።

«ኡሙልኸይር» አላት ሚስቱን፣ «ዕቃውን ከመደርደሪያው አውርጂው።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ታረቀኝ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰ፤ እንደ ወትሮው በስመ አብ ብሎ የታንኩን ክዳን ከፈተና፣ መኪናዋን ዓይን እንዳይበላት የዕለቱን አንድ ሲኒ ጠበል ቤንዚኑ ላይ አንቆረቆረ።