ጥቁሩ ነጥብ

ትርሲት በሪሞት የሚነዳው ትንሹ አውሮፕላን ተገልብጦ ነው የሚበረው አለች። መቆጣጠሪያውን የያዘው የክፍል ጓደኛዋ ደግሞ፣ የለም፣ ሆዱ ወደ መሬት ነው አለ። እሷ ልክ ከሆነች፣ የመቆጣጠሪያውን ማንሻ ወደ ራሱ ሲስብ አውሮፕላኑ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከሜዳው ዳር ደግሞ የክፍል ጓደኞቻቸው ትርኢቱን ሊያዩ ከነቤተሰባቸው ተኮልኩለዋል።

ስምንት ወር ለፍቶ የሠራው እሱ ነው። ያምራል ብሎ ሆዱንም ጀርባውንም ጥቁር ቀባው። አሁን ከፀሐይዋ አጠገብ የሚታየው አንድ ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው።

«ሆዱን ቢጫ ቀባው ብዬህ ነበር።»

«እሱን ተዪውና ዓይንሽን እንዳትነቅዪ።»

ማንሻውን በላብ በራሰ ጣቱ ቀስ ብሎ ሳበው። ነጥቡ እንደ ቀድሞው በዝግታ ይዞራል። ደግሞ ሳበ።

«አልታዘዝ አለኝ» አለ።

ያን ጊዜ ጥቁሩ ነገር ክንፎቹን ሁለቴ አራገበ።

«ጭልፊት ነው» አለች ትርሲት በሹክሹክታ።

የሞተሩ ጩኸት ግን እየቀረበ ነው። ሁለቱም ሰማዩን ዙሪያውን አሰሱት፤ የትም የለም። ሞተሩ ከጠፋ አውሮፕላኑ ወድቆ እንክትክቱ ይወጣል፤ ካልጠፋ ደግሞ በሙሉ ፍጥነቱ ሰው መሀል ሊገባ ይችላል። ወደ ሰዎቹ ዞረ።

«ሞተሩን እያጠፋሁት ነው» አለ። «ሁላችሁም መሬት ላይ ተኙ።»