የዳሊያው ሳጥን

«እማማ! ምን እያደረጉ ነው?»

በሩ ላይ እንደቆመች ባዶውን ዘንቢል ለቀቀችው። አማቷ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ እግራቸውን ዘርግተው፣ ሳፋ ጭናቸው መሃል አስቀምጠው ይልጣሉ። የሚልጡት ድንች ቢሆን እሰየው! ድንችማ ከገበያ ከጠፋ ቆየ። እሳቸው የሚልጡት የልጃቸውን የዳሊያ አበባ ሥር ነው። የእንጨቱ ሳጥን ከአልጋው በታች ተጎትቶ ወጥቶ አጠገባቸው ተከፍቷል፣ ሰጋቱራው ወለሉን አልብሶታል፣ ምድጃው ላይ ድስት ይንተከተካል።

«አታዪም እንዴ? ምሳ እየሠራሁ ነዋ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

እነዚያ ሥሮች እንዲህ በዋዛ ቢላዋ የሚያርፍባቸው አልነበሩም። ባሏ በያጅ ነው። ቀኑን ሙሉ ብረት ከብረት ሲያጣብቅ ውሎ ሲመጣ፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ቀጥታ ወደ ጓሮ ነበር። በዳሊያ ቀልድ አያውቅም። አጥሩን ተከትሎ ይተክላል፤ ግንዱ እንዳይሰበር የብረት ዘንግ ያቆምለታል፤ አበባው ሲያልፍ ድንች የመሰለውን ሥር ቆፍሮ ያወጣና እስከሚቀጥለው ዝናብ ሰጋቱራ ውስጥ ያስተኛዋል። ሰፈርተኛው «የድንች ባል» እያለ ይተርበዋል፤ እሱ ይስቃል። ለጦርነቱ አፍሰው ሲወስዱት እንኳ መኪናው ላይ ቆሞ የጮኸው «ሳጥኑን አደራ! ዝናብ ሲጥል እኔው ራሴ ነኝ የምተክላቸው!» ብሎ ነው። ወይ ጉድ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው ብላ እያለቀሰች ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ የሳጥኑ ዘበኛ አማቷ ነበሩ። ሥሮቹን አንድ በአንድ እያገላበጡ የበሰበሰ እንዳለ ያያሉ። መንገዱ ተዘግቶ ገበያው ሲራቆት፣ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት «እሱ እኮ ይበላል» ብትላቸው በእርግማን ነው ከግቢ ያስወጧት። አፍ አውጥተው አይናገሩት እንጂ፣ ሁለቱም ሳጥኑ እስካለ ድረስ እሱም አለ ብለው ነበር የሚያድሩት።

አሁን ደሟ ፈላ።

«እርስዎ እናቱ ነዎት! እንኳን እናት ባዳም እንዲህ አያደርግም! ሲመጣ ምን ልንለው ነው? በላናቸው? በየትኛው ዓይናችን ልናየው ነው?»

«ልጅሽ ትናንትም ውሃ ጠጥታ ነው የተኛችው።»

«ነገ አመጣላታለሁ! ነገ እህል ይታደላል ብለዋል!»

«ትናንትም ነገ ነበር ያሉሽ» አሉና አንዱን ቆራርጠው ድስቱ ውስጥ ጨመሩት።

ተንበርክካ ሰጋቱራውን በሁለት እጇ በረበረችው። ሳጥኑ ባዶ ነው። አንዱን ፈለገች፤ ያንን እሱ ራሱ ከዘር ያወጣውን፣ አበባው እንደ ሳህን የሚሰፋውን፣ ጠቆር ያለ ቀይ። ከሌላው እንዳይቀላቀልበት አንገቱ ላይ ቀጭን ሽቦ አስሮበታል።

«ባለ ሽቦውስ? እሱን እንኳ አስቀርተውታል አይደል? እማማ፣ በሞቴ!»

«መጀመሪያ የላጥኩት እሱን ነው። እሱን ካለፍኩት ሌላው አያቅተኝም ብዬ።»

ሽቦው ልጣጩ መሃል ወድቋል። አነሳችው። ልትጮህባቸው አፏን ከፍታ ሳለ ክው ብላ ቀረች። እኚህን ሴትዮ ታውቃቸዋለች። ልጄ ይመጣል የሚሉ ቢሆን ኖሮ በጠኔ ይወድቃሉ እንጂ ይህችን ሽቦ አይፈቱም። እዚያው ሰጋቱራው ላይ ተቀመጠች።

«ማን ነገረዎት?»

ቢላዋው ቆመ።

«ሹፌሩ። አብሮት የዘመተው። ባለፈው አንቺ የእህል ሰልፍ ላይ እያለሽ መጣ።»

«ራሱ አይቷል? ወይስ ሰምቶ ነው?»

«በገዛ እጁ ነው የቀበረው።»

«ታዲያ… ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«በእግርሽ ቁሚልኝ ብዬ ነዋ! አንቺ ከወደቅሽ ማን ሰልፍ ይወጣል? በሆዴ ይዤው ሰነበትኩ፣ ልጄ። ዛሬ ግን ብጠራት፣ ብጠራት፣ ያቺ ነፍስ ዓይኗን ብቻ ገልጣ አየችኝ። መነሳት አቃታት።» የመጨረሻውን ቁራጭ ድስቱ ውስጥ ጣሉት። «ለአበባው ብዬ የእሱን ልጅ አልቀብርም።»

ጩኸቱ ከሆዷ ተነስቶ ጉሮሮዋ ደረሰ። አማቷ ተንፏቀው መጡና በዚያ አፈር በነካው እጃቸው አፏን ግጥም አድርገው ያዙት።

«ዋ! መጀመሪያ ትብላ! እንባሽን ካየች አትቀምስም። ትብላና አብረን እንጮሃለን። እኔስ የማን እናት ነኝ? እኔስ መቼ አለቀስኩ?»



ልጅቷን ከአልጋ አቅፋ አመጣቻትና ግድግዳ አስደግፋ አስቀመጠቻት። ሳህን ቀረበ።

«ድንች ነው?» አለች ልጅቷ።

«ድንች ነው፣ የኔ እመቤት» አሉ አያቷ።

ልጅቷ እፍ እፍ ብላ ጎረሰች። «ውሃ ውሃ ይላል» አለችና ደገመች። ጉንጯ ተንቀሳቀሰ፤ ትንሽ ቆይታ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው። ሁለቱ ሴቶች አይተያዩም። እናትየው የቀሚሷን ጠርዝ ጨምድዳ ይዛለች፤ አያትየው ወለሉ ላይ የሌለ ልጣጭ ይለቅማሉ።

ሳህኑ ባዶ ሆነ። ልጅቷ ጣቷን ልሳ ቀና አለች።

«ጨምሩልኝ።»

አያቷ ጭልፋውን አንስተው ድስቱ አፍ ላይ አቆሙት። እናትየው ጭልፋውን ተቀብላ ሳህኑን ሞላችላት።

«ቀስ ብለሽ ብዪ፣ እናቴ» አለቻት። «ቀስ ብለሽ።»