ያልተነሳው አቤቱታ

«አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ ተክለጻድቅ፣ ወንበር ስስብላቸው። «እሺ እስክትይን ድረስ ቆመን ነው የምንጠብቀው።»

ሦስቱም ሽማግሌዎች በሩ አጠገብ ተደርድረዋል፤ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ቀልድ አይደለም። ኬሞ ከጀመርኩ ወዲህ ለእኔም ደረጃው የግማሽ ቀን ሥራ ሆኖብኛል።

ሽማግሌ ከተቀመጠ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ወይ የለመነውን አግኝቷል፣ ወይ ልመናውን ትቷል። ሽማግሌን ባዶ እጁን መመለስ ነውር መሆኑም አልጠፋኝም። ቢሆንም ወንበሩን ወደ ቦታው አልመለስኩትም። እዚያው ወለሉ መሃል ተውኩት።

የላካቸው የታከምኩበት ክሊኒክ ዶክተር ነው። እሱ ራሱ አልወጣም፤ ታች መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ በመስኮት ይታየኛል። ሐሙስ የሕክምና ሥነ ምግባር ኮሚቴው ፊት እንቀርባለን፤ እኔ ከሳሽ፣ እሱ ተከሳሽ። ከዚያ በፊት አቤቱታዬን አንስቻለሁ የሚል ወረቀት አስተይቦ ለመሪጌታ አስይዟቸዋል። የቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው። ለሕመሜ ያላሳየውን ጥድፊያ ለክሱ አሳይቷል።

«ልጄ ወርቅውሃ» አሉ መሪጌታ፣ «ሰው ነው፣ ይሳሳታል። ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይው።»

«ይቅር ብዬዋለሁ» አልኩ።

ፊታቸው በራ። ከኋላቸው የቆሙት ሽማግሌ አቶ ጠሀ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። መሪጌታ ወረቀቱን ዘርግተው እስክሪብቶ አቀበሉኝ። ተቀበልኩና ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀመጥኩት።

«ይቅርታው የእኔ ነው፤ ሰጥቻለሁ። ክሱን ግን አላነሳም።»

«ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ይቅርታ ነው?» መሪጌታ ተቆጡ።

እኔም ተቆጣሁ። ደክሞኛል እንጂ አልፈራሁም። ከስልኬ ላይ ፎቶ አውጥቼ ለሦስቱም በየተራ አሳየሁ።

«ከጡቴ የተወሰደው ናሙና ውጤት ነው። ክሊኒኩ የተቀበለበት ማህተም ይኸውላችሁ። የአምና ኅዳር አሥራ ሁለት ይላል። ለእኔ የተነገረኝ ነሐሴ ላይ ነው። በመሃሉ ሦስቴ መስኮታቸው ጋ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ‹አልመጣም፣ ሲመጣ እንደውላለን› ነበር መልሳቸው። ወረቀቱ ለካ ዶክተሩ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ዘጠኝ ወር፣ መሪጌታ። በዘጠኝ ወር ሰው ልጅ ያቅፋል፤ እኔ ውስጥ ያደገው ሌላ ነው።»

ወንበሩ አጠገቤ ነው፤ እነሱ ቆመው እኔ ብቀመጥ ግን የተሸነፍኩ መሰለኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ሦስተኛው ሽማግሌ አቶ ጉተማ ስልኩን ተቀብለው ማህተሙን ደግመው አዩት። ከሦስቱ በዕድሜ ትልቁ እሳቸው ናቸው፤ ይህ ሁሉ ፎቅ ከመሠራቱ በፊት እዚሁ ያርሱ ነበር። ለአንድ ነገር ሸምግለው ሳያስታርቁ የተመለሱበት ጊዜ የለም ይባላል። ዶክተሩም የመረጣቸው ለዚህ ይመስለኛል።

«ያ መሳቢያ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የአንቺ ወረቀት ብቻ ነው የነበረበት?»

«እሱን ነው ሐሙስ የምጠይቀው፣ አባባ። ካሣም አልፈለግሁ። መሳቢያው ይከፈት ነው የምለው።»

«እንግዲህ አቶ ጉተማ፣ እኛ የመጣነው ለዚህ አይደለም» አሉ መሪጌታ።

አቶ ጉተማ የሰሟቸውም አይመስሉ። በእጃቸው አንገታቸውን፣ ከጆሯቸው ዝቅ ብሎ ያለውን ቦታ ዳሰሱ።

«ባለቤቴ ቢፍቱ እዚህ ጋ እብጠት ወጥቶባት ነበር። እዚያው ክሊኒክ ወስጃት ናሙና ወሰዱላት። ከመስቀል በፊት ነው።» ታኅሣሥን አጋምሰናል። «ትናንትም ጠይቄያቸዋለሁ።»

«ምን አሉዎት?» አልኩ።

«ሲመጣ እንደውላለን።»

ከታች የዶክተሩ መኪና ክላክስ ጮኸ። አንዴ፣ ከዚያ ረዘም አድርጎ ደገመው። መሪጌታ ወረቀቱን እንደያዙ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

አቶ ጉተማ ከዘራቸውን በሩ ላይ አስደገፉ። ወለሉ መሃል ወደተውኩት ወንበር ሄዱና ተቀመጡ፤ ባርኔጣቸውንም አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ሐሙስ በስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ።