የተሳበላት ወንበር

ጨርቅ ቆራጩ በአለቃው ፊት ለልብስ ሰፊዋ ወንበር ስቦ «እትዬ፣ አረፍ ይበሉ» ሲላት፣ ይቅርታ መጠየቁ መሰላትና ተቀመጠች። በአለቃው ጠረጴዛ ላይ እጅጌያቸው አራት ጣት ያጠረ ስልሳ ሸሚዞች ተከምረዋል። የቆረጣቸው እሱ፣ የሰፋቻቸው እሷ ነበረች። በስፌት መኪናው ጩኸት መሰማማት ስለማይቻል ሠራተኞቹ የሚጻጻፉት በቁራጭ ጨርቅ ላይ በጠመኔ ነበር። «አጥሯል» ብላ ስትልክለት፣ «ልክ ነው፣ ይስፉት» ብሎ የመለሰበት ጨርቅ አሁንም ሽርጧ ኪስ ውስጥ አለ። ግን መቀስ አያያዝ ያስተማረችውን ልጅ አለቃ ፊት ማዋረድ አልሆነላትም። ዝም አይነቅዝም፣ ራሱ ይናገር ብላ፣ ጨርቁን ኪሷ ውስጥ በጣቶቿ ታሸው ጀመር።

«የማን ጥፋት ነው?» አለ አለቃው።

«ይለፏቸው ጋሼ» አለ ቆራጩ በለሰለሰ ድምፅ። «ማጠሩን አይቼ ‹አይስፉት› ብያቸው ነበር። ምን ያድርጉ፣ ደክመዋል። ይኸው፣ መቆም ቢያቅታቸው እኮ ነው ያስቀመጥኳቸው።»

አለቃው ወንበሩን አየና ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ብድግ ብላ «የገዛ እጅ ጽሑፉ ይኸውልህ!» አለችና ጨርቁን ዘረጋችለት። አለቃው አገላብጦ አየው። ምንም አልተጻፈበትም። ጠመኔው ታሽቶ ታሽቶ ጣቶቿ ላይ ቀርቷል።

«ኧረ እትዬ!» አለ አለቃው። «ልጁ እየለመነልዎት?»

ከምሳ በኋላ ከስፌት መኪናዋ ተነሥታ ከተሰፉ ልብሶች ላይ ትርፍ ክር ለቀማ ተመደበች። ወንበሩን እስከ አዲሱ ቦታዋ ድረስ የተሸከመላት ቆራጩ ነው።