ሁለተኛው ቀለበት

«ትጮኻለች እንጂ አትስብም! ልክ እንደ ሠሪዋ!» አለ ታናሽየው፤ የንፋስ ማጉያዋን የወንድሙ ቶርኖ ማሽን ላይ ወረወራት። ታላቅየው፣ ወንድሙ ለሚሠራበት ዱቄት ፋብሪካ በልኩ የሠራት፣ ጡጫ የምታህል የብረት ዕቃ ነበረች፤ የኮምፕሬሰሩን ጥቂት ንፋስ በጠባብ ክፍተት እያሾለከች ብዙ አየር እንድትጎትት፣ ከአየሩም ጋር የዱቄቱን ብናኝ እንድትወስድ። «ለነገሩ አልፈርድብህም። የአባባን ማይክሮሜትር፣ ያን የፀጉር ውፍረት እንኳ የሚለካ መሣሪያ፣ ሌባ ከነሳጥኑ ከወሰደው ወዲህ በግምት አይደል የምትሠራው!»

አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ሆድና ጀርባ ነበሩ። ታላቅየው የማጉያዋን ክዳን ፈታ። ክፍተቱን የምትወስነው እሱ የቆረጣት ወረቀት መሳይ ቀለበት በቦታዋ አለች፤ ከሥሯ ግን እሱ የማያውቃት ሌላ ቀለበት ተደርባለች።

«ክፍተቱን አሰፋኸው?»

«ጉልበት እንዲኖራት ነዋ! እንዳንተ በመቆንጠር አላምንም።»

«ሲሰፋ እኮ ንፋሱ ይባክናል እንጂ አይስብም።»

የተደረበችውን ቀለበት በጨርቅ ጠርጎ ገለበጣት። አረንጓዴ ቀለም ነበራት፤ ቀለሙ ላይ በምስማር «አትን» ተብሎ ተጭሯል፤ ቀሪውን መቀስ በልቶታል። አባታቸው በማይክሮሜትሩ አረንጓዴ የቆርቆሮ ሳጥን ክዳን ላይ በገዛ እጃቸው «አትንኩ» ብለው ጽፈው ነበር። ታናሽየው ሊነጥቀው እጁን ሰነዘረ፤ ታላቅየው ቀለበቷን ጨበጣት።

«መስረቁንስ ስረቅ» አለው። «ምናለ ታዲያ የሳጥኑን ክዳን ከመቁረጥህ በፊት በማይክሮሜትሩ ብትለካው?»